ቀኑ ሲከብድ ልባችሁን በምን ትመልሳላችሁ? ከደሴ የተነሳው ጥያቄና የመጡት መልሶች

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የውይይቱ ክር ረዝሟል፣ አሁን የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ አይዘልቀውም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ላስቀምጥ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የምናገረው። የማልስማማበት ቦታ ላይ አለመስማማቴን እናገራለሁ።

መነሻው ይሄ ነበር። የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሰው ማስተናገድ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ይደርሳል። 4 ሰዓት ገደማ ሲስተም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ። ከኩታበር ሌሊት ተነስተው የመጡ አባት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ በመታወቂያው ጠርዝ መስታወቱን እየደበደበ የሚጮህ ወጣት። አልፈርድባቸውም፣ እውነት አላቸው። ግን 11 ሰዓት ላይ ስወጣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል፣ ጥርሴን ነክሼ ስለምውል መንገጭላዬን ያመኛል። ቤት ስገባ ልጆቼ መጀመሪያ ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስውል በዚያው ቀን፣ ሳልተኛ፣ እንዴት ነው ወደ ራሴ የምመለሰው? ደግሞስ እንደኔው ውለው የማይናወጡ ሰዎች ምን ይዘው ነው?

1ኛው መልስ ከከሚሴ መጣ። በአብሽሪ ጀምራ፣ እንደ እህት፣ በእርጋታ ነው የጻፈችው። ምክሯ ስለ ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ይህንን 5 ደቂቃ ያህል መደጋገም። ትልቁ ነገር የሚወጣው ከሚገባው እንዲረዝም ነው። ከፍ ዝቅ የሚለውም ደረት ሳይሆን ሆድ መሆን አለበት። ደንበኛም ባልደረባም ሳያውቅ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጡ ማድረግ እንደሚቻል ጨምራ ነገረችኝ።

2ኛው ዕድሜያቸው ጠና ያለ የሚመስሉ ሰው ናቸው። አክብረው ጀመሩ፣ አጨራረሳቸው ግን ጠንከር አለ። ወሎ የ66ቱንም የ77ቱንም ድርቅ ያሳለፈ ሕዝብ ነው፣ ያኔ ጭንቀት ብሎ ያወራ አልነበረም፣ የዛሬ ሰው ተልፈስፍሷል፣ ሲስተም ጠፋ ብሎ ልብ መታወክ ምን የሚሉት ነው፣ መድኃኒቱ ቻል ማድረግ ብቻ ነው የሚል ነው ሐሳባቸው። 3ኛው በአንድ መስመር ደገፋቸው።

ክሩ የጋለው 4ኛው ላይ ነው። የጻፈችው ሴት እናቷ በ77 ኮረም መጠለያ የነበሩ ናቸው። እስከ ዛሬ እንጀራ ሲተርፍ እናቷ ድርቆሽ አድርገው በማዳበሪያ ከረጢት አልጋ ሥር ያስገባሉ። ጤፉ ሞልቶ፣ ልጆቹ ደመወዝተኛ ሆነውም ያስገባሉ። ከረጢቱን ያነሳባቸው ሰው ካለ ያን ቀን እህል አይቀምሱም። ስለዚያ ዓመት ግን አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። በሰፈራ ወደ መተከል የተወሰደ አጎት አላት፣ ስሙ ሲነሳ ቤቱ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ለ2ኛው ጸሐፊ የመለሰችው ሳትለሳለስ ነው። ዝም ያለ ሰው ሁሉ አልፎለት ዝም ያለ አይደለም፣ የሰውን ሥቃይ አንስቶ የሰውን አፍ መዝጊያ ማድረግም ነውር ነው አለች።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የ77ቱን ሰው ጥንካሬ አንክድም፣ ግን ያን ሰው ያቆየው ዝም ማለቱ ነው የሚለውን ማን አረጋገጠ? ያለችውን ጥሬ ለጎረቤት ያካፈለች ሴት ነበረች፣ የሞተበትን ጎረቤቱን ልጅ ወስዶ ያሳደገ ሰው ነበረ። ያ ሁሉ ተረስቶ ዝምታው ብቻ እንደ ጀግንነት ይነገረናል።

5ኛውን የጻፈችው ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ናት፣ ከዚህ በኋላም ደጋግማ ትመጣለች። ከላይ የተባለው ትንፋሽ ለምን እንደሚሠራ ያስረዳችው እሷ ናት። ሰውነታችን ጨለማ ላይ ጅብ ሲያጋጥመው የሚያደርገውን፣ ደንበኛ ሲጮህብንም ያንኑ ያደርጋል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይረጫል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ አፍ ይደርቃል። ትንሽ ቆይቶ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይከተላል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ይህን እ.ኤ.አ. በ1915 ጽፎታል፣ ለመታገል ወይም ለመሸሽ መሰናዳት ነው። እኔ ግን አልታገል አልሸሽ፣ ወንበሬ ላይ ነኝ። የተሰናዳው ጉልበት መሄጃ ያጣል። ማረጋጊያው በኩል ያለው ትልቁ ነርቭ ቬገስ ይባላል፣ አየር ስናስወጣ እሱ ይበረታና የልብ ምት ረገብ ይላል። ማስወጣቱ ይርዘም የተባለው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ምክር ሰጠችኝ። ከሥራ ስወጣ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ከመግባት መንገዱን፣ ቢያንስ ግማሹን፣ በእግሬ እንድሄድ።

6ኛው፣ 7ኛው፣ እና የሚቀጥለውም ስለ ደሴ መንገድ ሆነ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግሩ ሄዶ የተረጋጋ ሰው ካለ ይታይ፣ ባጃጁ እግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ሸቀጡ አስፋልቱ ድረስ ተዘርግቷል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድስ ማን ያያል የሚልም ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ግን ሌላ ክር ይከፈትለት። እኔ አሁን ግማሹን በእግሬ እሄዳለሁ፣ ጩኸቱ ባለበት። ቤት ስደርስ መንገጭላዬ ተላቅቆ አገኘዋለሁ።

9ኛው የባቲ ልጅ ነው። ንግድ ላይ ነው ያለው፣ ሰኞ ገበያ ውሎ ራሱን እስኪስት ይደክመዋል፣ ከምሳ በኋላ ግን ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ ጭንቀቱ እንደሚለቀው፣ ምርቃናው ሲመጣ ዕዳውም ባለዕዳውም እንደሚረሳው በግልጽ ጻፈ። ነርሷ 10ኛው ላይ ሳትሰድበው መለሰችለት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ የሚያረጋጋ አይደለም። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ ዱካኩ፣ ያ ቅዠቱ አለ፣ ጠዋት ላይ መነጫነጩ አለ፣ ያንን ለማጥፋት እንደገና መቃም አለ። ጭንቀቱ ያልሄደ፣ ለጥቂት ሰዓት ፈቀቅ ያለ ነገር ነው። ልጁ አልተቀበላትም፣ አልተቆጣምም። የሚያውቀውን እሱ እንደሚያውቅ ብቻ ተናግሮ አለፈ።

11ኛውን የጻፉት የአልቡኮ አባት ናቸው። ለባቲው ልጅ እንደ አባት ቆጣ አሉ፣ ነርሷንም በአንድ ነገር አረሙ። ብቻውን ተደብቆ የሚቃመውና ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱአ ተሰብስቦ ሲቀመጥ የሚሆነው እንዳይደባለቅባት። ወዳጃ ላይ ዋናው ዱአው ነው። ዕጣኑ ይጤሳል፣ ቡናው ይቀርባል፣ ሰው ተራ በተራ ጭንቁን ያወጣል። የልጅ መታመም ይሁን፣ የዝናብ መዘግየት ይሁን፣ ከወንድም ጋር የተጣሉበት መሬት ይሁን። ሽማግሌው በዚያ ላይ ይመርቃል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። መንዙማው ሲነሳማ ሌላ ነው። የሳቸው ሐሳብ ሰውን የሚያቀልለው ቅጠሉ ሳይሆን ችግሩ ከአፉ ወጥቶ ሃምሳ ሰው አሚን ሲልበት መስማቱ ነው። ይህንን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። የኛ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት አለ፣ ወሎ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ አያቴ መስቀል በአንገቷ አድርጋ ወዳጃ ላይ ተቀምጣ ስትመረቅ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረውን መፍታታት እኔ በምንም ኪኒን አላገኘሁትም።

12ኛዋ የሐይቅ ሰው ናት፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት ውሃው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ትላለች፣ 41 ጊዜ። ሲከብዳት የንስሐ አባቷ ጋ ትሄዳለች። የምታገኘውን እረፍት ማብራራት እንደማትችል፣ ማብራሪያም እንደማትፈልግ ጻፈች።

ነርሷ 13ኛው ላይ ለሁለቱም አንድ ነገር አመጣች፣ እኔ በጣም ነው የወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት በመቁጠሪያ የሚደገም ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ያወርዳል። ይሄ ልብና ደም ግፊት ተስማምተው የሚሠሩበት ፍጥነት ነው። የተለካው የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎትና በዮጋ የሚደጋገም ቃል ነው። ተስቢህ ይዞ ዚክር የሚል ሰውም፣ 41 ጊዜ እግዚኦ የምትል ሴትም ከዚያ የሚርቁ አልመሰላትም፣ እኔም አልመሰለኝም።

ከዚያ ተጣሉ። 14ኛው ጸሎት ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል አለ፣ 15ኛው ሃይማኖት የሳይንስ ማረጋገጫ አያስፈልገውም ብሎ ነርሷን ተቆጣ፣ 16ኛው ደግሞ ሁለቱንም ዘጋቸው። ወንድሙ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ይወስድ ነበር። ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ጣለው ተባለ፣ ጣለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሮቹ እየተቆራረጡ ነበር፣ ወንድሙ ዛሬ የት እንዳለ ቤተሰቡ አያውቅም። ከዚህ ወዲያ የተከራከረ የለም። እኔ የምለው አንድ ነው። ጸበሉም ይሂድ፣ መድኃኒቱም ይዋጥ። የሚገባቸው ካህናትና ሼኾች ራሳቸው ይህን ይመክራሉ። ድሮ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መጓዝ ነበር፣ ዛሬ ደሴ ሪፈራል ላይም ክፍሉ አለ።

17ኛው ወጣት ነው፣ ጦሳ ላይ ወጥቶ እንደሚጮህ፣ ካልሆነም ትራሱን በቡጢ እንደሚነርት ጻፈ። ንዴት ካልወጣ ያፈነዳል ባይ ነው። ብዙ ሰው ተስማማለት። አንድ መምህር ግን 18ኛው ላይ አረመው። ብራድ ቡሽማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን ፈትኖታል። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ የተደረጉት፣ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የባሰ ተናደው ነው የተገኙት። ችግሩ መምታቱ ብቻ አይደለም፣ እየመቱ ያንን ሰው ማሰቡ ነው፣ ንዴቱ ይታሻል። ጦሳ መውጣቱን ግን መምህሩም ደገፈ፣ ጩኸቱን ትቶ አቀበቱን።

የቡና ነገር ሳይነሳ እንደማይቀር አውቄ ነበር። 19ኛዋ የወልድያ ሴት ናት። ከሥራ ስትገባ ጎረቤት ትጠራለች፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣሉ። ግን አንድ ደንብ አላቸው። በአቦሉ የፈለገው ሰው የዋለበትን ያወጣል፣ ማንም ምክር አይሰጥም። ቶናው ላይ ምክር የፈለገ ይጠይቃል። በበረካው ያ ወሬ ተዘግቶ ሌላ ይወራል። ደንቡን ማንም በወረቀት አልጻፈውም፣ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው ያስለመዷቸው። ይህንን ያነበበ ሁሉ ወደደው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ዞረ፣ አንዱ በረካ ድረስ መጠጣት የሀብታም ሆኗል አለ፣ ሌላው ጀበናዋን ወደ ሲኒ እንደቀየረች፣ ሌላው ዘመዱ ከጅማ እንደሚልክለት። 22ኛው ላይ ነርሷ መለሰችን። ካፌይን፣ ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ነገር፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ለእንቅልፍ የሚቸገር ሰው ቀኑ የከበደው ዕለት ሲኒውን ይዞ ይቀመጥ፣ ጨዋታው አይቅር፣ ግን ከአንዷ አይለፍ። የወልድያዋ ትንሽ ቅር አላት። በረካ ጥሎ መነሳት እሷ ሰፈር አይደረግም።

23ኛው እንደገና መምህሩ ነው፣ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያስታወሰ እሱ ብቻ ነበር። የማይናወጡት ምን ይዘው ነው ያልኩትን። ኤሚ ቨርነር የምትባል ተመራማሪ ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ከባልደረቦቿ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በድህነት፣ በታመመ ወላጅ፣ በጠብ ቤት ውስጥ ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ያህል ደህና፣ ብቁና ሰው የሚያምነው ትልቅ ሰው ሆኖ ወጣ። እነዚህ ምን ነበራቸው ተብሎ ሲታይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። የማይለወጥባቸው፣ የሚቀበላቸው ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው። አባት ወይም እናት መሆን አይጠበቅበትም። አያት፣ አክስት፣ መምህር፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ይህን ከጻፈ በኋላ ስለራሱ አያት ረዘም አድርጎ ተናገረ፣ አምባሰል ገጠር ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት ተደብድቦ ሲመጣ ምንም ሳይጠይቁ ቆሎ በእፍኙ ያስይዙት እንደነበር።

እዚህ ላይ 24ኛው በቁጣ ገባ። ሃዋይ ምን አገባን ነው ያለው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ከተማው ሲለቀቅ ተመለሰ። ቤቱ ተዘርፎ ነበር፣ ዕቃው አላሳዘነውም። አሁን የጎረቤት የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም መሬት ላይ ተኝቶ ራሱን ያገኘዋል። ልጁ ይስቅ ነበር፣ አሁን መሳቅ ትቷል። ለዚህ ትንፋሽ ቆጥሬ ነው የምድነው ብሎ ጠየቀ። ክሩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሰው አልጻፈም።

የመለሰችለት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ 25ኛው። ትክክል መሆኑን ነው መጀመሪያ የነገረችው። የመስኮቷ ሴት ቀንና የሱ ሌሊት አንድ አይደሉም። የሆነው ነገር ሳይጠሩት ተመልሶ እየመጣ፣ የሚያስታውሰውን ቦታ እየሸሹ፣ በትንሽ ድምፅ እየደነገጡ ከወር በላይ ከቆየ፣ ሥራና ቤት ካናጋ፣ ይሄ በምክርና በቡና የሚተው ስላልሆነ ባለሙያ ማየት አለበት፣ ሕክምናውም አለ። ለዘመድ ወዳጅ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን መመሪያ ጠቀሰች። ደህንነቱን ማየት፣ መስማት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። የሆነውን ሁሉ ተርክ ብሎ ማስገደድ ግን የለም። በሩ ሲላተም ለዚያች ቅጽበት የምትሆን ነገርም ሰጠችው። የሚያያቸውን 5 ነገሮች፣ የሚነካቸውን 4፣ የሚሰማቸውን 3፣ የሚያሸታቸውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 በልቡ ስም እየጠራ መቁጠር። ሰውዬው በኋላ፣ 28ኛው ላይ፣ ሞክሮት ተመለሰ። የጀበናው አንገት፣ የሰሌኑ ዳር፣ የልጁ ደብተር፣ ስንጥቅ ያለው መስኮት፣ የራሱ ጫማ። እስከ ጫማው ሲደርስ ቤቱ ውስጥ መሆኑን አወቀ። ሕክምናውን በተመለከተ ቀጠሮ ይዟል፣ ከዚህ በላይ አልጻፈም፣ እኛም አልጠየቅንም።

26ኛው ስለ ቅሬ ነው፣ እኛ ጋ እድሩን የምንጠራበት። ሰው ሲሞት ቅሬው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ታዲያ ሰው ቆሞ እየሄደ ሲሰበርስ ለምን አይጠራም? ጸሐፊው ሰፈሩ ውስጥ ይህንን አንስቶ፣ የታመመና ሥራ ያጣ ሰው ቤት ተራ ገብቶ የሚጠይቅ ሰው ቅሬው እንዲመድብ አድርጓል። 27ኛዋ አልተስማማችም። ለቅሶ ላይ ሰው የሚመጣው እያጽናና አታልቅሺ፣ በቃሽ፣ ቻይው ሊል ነው፣ እሷ ባሏ ሲሞት ያንን ሁሉ ሰው አስወጥታ ማልቀስ ነበር የፈለገችው። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፣ ላስታርቃቸው አልሞክርም።

የኔን ሐሳብ እዚህ ጋ ላስገባ። በዚያው ቀን የሚያድነኝ ነገር ከሰውነት ይጀምራል፣ ትንፋሽና እግር ናቸው፣ ደሜ ፈልቶ እያለ ራሴን በምክንያት ላሳምነው ብሞክር አይሰማኝም። የማይናወጡት ሰዎች የያዙት ግን በዚያ ቀን የሚገዛ አይደለም። የወልድያዋ ሴት የቡና ደንብ ቀኑ ሳይከፋ የተሠራ ነው። የአልቡኮው አባት አሚን የሚሉላቸው ሰዎች ከዓመታት በፊት የተቀመጡ ናቸው። እኔ ደግሞ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ እየተመላለስኩ ጎረቤቴን በስም ብቻ የማውቅ ሆኛለሁ፣ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፣ ከጻፋችሁት ያስታውቃል። መጀመሪያ መጠገን ያለበት ይሄ ነው ባይ ነኝ።

29ኛው ለኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ነው፣ አጻጻፉ ግን ቁጡ ነበር። እናንተ ሁላችሁ ሴትዮዋን እየጠገናችሁ ነው፣ መስኮቱን ማን ይጠግነው አለ። ለ200 ሰው አንድ መስኮት ከፍቶ ሠራተኛዋን ትንፋሽ ቁጠሪ ማለት ግፍ ነው ባይ ነው። ቀጥሎ ዝርዝር ጠየቀኝ፣ ሲስተም ሲጠፋ ለሰው የሚነገረው መቼ ነው፣ ማን ነው የሚናገረው፣ መስኮቱ ላይ ያለ ሰው ስንት ሰዓት ይቀመጣል። ከባልደረባዬ ጋር ሆነን አለቃችን ጋ ገባን። አሁን ሲስተም እንደጠፋ ወዲያው ዘበኛው ወጥቶ ይናገራል፣ ካርቶን ላይም በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ይሰቀላል። ስምና ስልክ በተራ ይመዘገባል፣ ሲመለስ ከሩቅ የመጡት ይቀድማሉ። መስኮቱ ላይ በየሁለት ሰዓቱ እንቀያየራለን። መስታወት የሚደበድብ ጠፋ አልልም፣ ቀንሷል። የኩታበር አባት ስማቸው ተመዝግቦ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ድምፃቸው ሌላ ነው።

30ኛው ላይ የ2ኛው ጸሐፊ ተመለሱ። ሐሳባቸውን አልለወጡም። ሰው ሁሉ ስሜቱን እያዳመጠ ከተቀመጠ ማን ያርሳል፣ ማን ልጅ ያስተምራል ነው ያሉት፣ ልቡ እየተናወጠም ሥራውን የሚጨርስ ሰው መናቅ የለበትም። ይሄኛውን እቀበላቸዋለሁ። ያን ማንም አልናቀም። ለ4ኛዋ ሴት ግን ምንም አልመለሱላትም፣ እሷም ይህንን ሳታስታውሳቸው አልቀረችም።

የመጨረሻው፣ 32ኛው፣ ገና መልስ አላገኘም። ከመርሳ የጻፈ ልጅ ነው። አባቱ ከብቶቹ ካለቁበት ጀምሮ ከሰው ጋር አይበሉም። ጠዋት በረቱን ይጠርጋሉ፣ ባዶውን በረት፣ ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ወዳጃ ቢጠሩ አይሄዱም፣ ሐኪም ሲባል ይቆጣሉ፣ ልጁ ሲጠጋቸው ይነሳሉ። እንዴት ብሎ ነው የሚጀምረው ነው ጥያቄው። የሥነ ልቦናዋ ባለሙያ፣ የአልቡኮው አባት፣ እንዲህ ያለ አባት ያላችሁም ካላችሁ፣ ከ33 ጀምሮ ጻፉለት።